መቃብር ቆፋሪው ተብሎ የተገደለው አዋልዲጌሳ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ በማስተምርበት በፎንቆ አካባቢ ነው። ግንባሬ ላይ ያለውን ጠባሳ በመስታወት ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ለሦስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ስለ እንስሳት ሳስተምር በስልኬ የካንጋሮ ቪዲዮ አሳየኋቸው። ግልገሏ ከእናቷ ሆድ ኪስ ብቅ ስትል ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ማርታ የምትባል ተማሪዬ፣ «ቲቸር፣ እኛ አገር እንዲህ ዓይነት ጉድ የለም?» አለችኝ።

«አለ እንጂ! አዋልዲጌሳ አለልሽ፤ ሌሊት እየወጣ መሬት የሚቆፍር እንስሳ» አልኳት።

ብዙም ሳይቆይ አንድ አዋልዲጌሳ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ለሽንት ቤት በተቆፈረ ጉድጓድ ወድቆ አደረ። ጠዋት ልጆቹን ይዤ ሄድኩ። ጆሮው የአህያ፣ አፍንጫው የአሳማ ይመስላል። «ምስጥ ነው የሚበላው፤ ሰው አይነካም» አልኳቸው። ማርታ በደስታ አጨበጨበች።

ወዲያው ዶማና ድንጋይ የያዙ ሰዎች እየሮጡ መጡ። ከፊት ጋሽ ሀንዲሶ ነበሩ። ሚስታቸውን የቀበሩት በዚያው ሳምንት ነው። የዚያን ዕለት ሲነጋ የመቃብሩ ጫፍ ተቆፍሮ አግኝተውት ኖሯል።

«ይኸው፣ ሬሳ በሊታው!» ብለው ጮኹ። አዋልዲጌሳ አስከሬን ይበላል የሚለውን ወሬ ሁሉም ሰው ያምናል።

«ጋሼ፣ በእግዚአብሔር! ልጆች አሉ!» ብዬ ፊታቸው ቆምኩ።

ማን እንደወረወረው ያላየሁት ድንጋይ ግንባሬን መታኝ። ወደቅኩ። ደሙ ዓይኔን ጋረደኝ። ዶማው ሲያርፍበት እንስሳው እንደ ጥጃ ይጮኽ ነበር። ልጆቹም አብረውት ይጮኻሉ። ከዚያ የልጆቹ ጩኸት ብቻ ቀረ።

አውጥተው ሆዱን በገጀራ ቀደዱት። ጋሽ ሀንዲሶ፣ «ሚስቴን አውጡልኝ!» ይላሉ። የወጣው ምስጥና አፈር ብቻ ነበር።

ጋሽ ሀንዲሶ ወደ እኔ ዞረው፣ «አልነካትም ማለት ነው?» አሉኝ።

«አልነካትም፣ ጋሼ።»

እዚያው መሬት ላይ ተቀምጠው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ከዚያ ሻርፓቸውን ከአንገታቸው ፈትተው ቁስሌን አሰሩልኝ። በእሳቸው ላይ ቂም የለኝም።

በቅርቡ ማርታና ጓደኞቿ ከአጥሩ ሥር ጃርት የገባበት ጉድጓድ አግኝተው ሊያሳዩኝ ወሰዱኝ። ማርታ ግራ ቀኝ አየችና ጆሮዬ ሥር፣ «ቲቸር፣ ለትልልቅ ሰዎች እንዳትነግሪ» አለችኝ።

ስላመኑኝ ደስ አለኝ። ትልቅ ሰው መሆኔ ግን አሳፈረኝ።