ከኮፈኑ ሥር የታሰረችው ጨርቅ

አጎታችን አሮጌ መኪናቸውን ከፍላቂት ወደ ላሊበላ ሲነዱ፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ ሳይቆሙ አልፈው አያውቁም። ኮፈኑን ከፍተው፣ ሞተሩ አየር በሚስብበት አፍ ላይ ያሰሯትን ጨርቅ ፈትተው አቧራዋን ያራግፋሉ። ከገዛ ነጠላቸው የቀደዷት ናት፤ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ጎደሎው ጥለት ያሳፍረኝ ነበር።

«ምነው ጋሼ፣ ሌላ ጨርቅ ጠፋ?» እላቸዋለሁ።

«እኛን ተሸክማ ዳገት የወጣች መኪና አቧራ ትማግ?»

መልሶ ማሰሩ የኔ ሥራ ነበር። ባሰርኋት ቁጥር ግን፣ «ላልታለች፣ ድገሚያት» ይሉኛል።

ለአርባ ቀን ተዝካራቸው በዚያው መንገድ ዘመድ ጭኜ ስመጣ፣ መኪናዋን የነዳሁት እኔ ነኝ። ዳገቱ ጫፍ ላይ ቆምኩ፤ ጨርቋን አራግፌ አጥብቄ አሰርኋት። ኮፈኑን ግን መዝጋት አቃተኝ። «ላልታለች» እስኪሉኝ ቆሜ ጠበቅኋቸው።