የኢሶዳ ሁለተኛው ቱቦ

ኢሶዳ ያሱኪቺ በኦሳካ ጌም ቤቶች አርባ ዓመት ሙሉ ማሽን ሲጠግን ምስል የሚያሳየውን የስክሪን ቱቦ አንድም ሰብሮ አያውቅም ነበር። ሙያውን ያስተማረው ሰው የለም፤ ከተጣሉ ቴሌቪዥኖች ሆድ ውስጥ ለቃቅሞ የተማረው ነው። ያን ሐሙስ ግን በወይዘሮ ታዙኮ ጌም ቤት የአውሮፕላን ውጊያውን ማሽን ሊያጸዳ ከኋላው ገብቶ ሶኬቱን ሲነቅል፣ የቱቦው ቀጭን የመስታወት አንገት ቀጭ አለ። አየር ፍስስ ብሎ ገባ። አየር የገባበት ቱቦ ደግሞ አለቀለት።

እሑድ፣ በልጅነታቸው እዚያ ያደጉ ዛሬ የሸበቱ ተጫዋቾች እንደ በየዓመቱ ሁሉ በዚያው ማሽን ሊወዳደሩ ይመጣሉ። እንዲህ ያለውን ቱቦ የሚሠራ ፋብሪካ ከጠፋ ቆይቷል። ኢሶዳ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ፣ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ይቅርታ ጠየቀ። የሰባ ስምንት ዓመቷ ወይዘሮ ታዙኮ ወደ ጓዳ ገቡና የሱሞ ትግል የሚያዩበትን አሮጌ ቴሌቪዥን በጋሪ እየገፉ ተመለሱ። የሱሞው ፍጻሜም እሑድ ነበር።

"የዚህ ቱቦ ልኩ አንድ አይደል?"

"ልኩስ አንድ ነው። ግን ይሄንንም ብሰብረውስ?"

"ያኔ ሁለታችንም ሬዲዮ እናዳምጣለና።"

ቅዳሜ ጠዋት ኢሶዳ ከባንኮኒው በላይ ባለችው ትንሽ መቅደስ ፊት ሁለት ጊዜ አጨብጭቦ ጸለየ። ሥራ ሲጀምር ልማዱ ነው፤ ሐሙስ ብቻ ቸኩሎ አልፏት ነበር። ከቴሌቪዥኑ ያወጣውን ቱቦ በመስታወት ፊቱ ትራስ ላይ ደፋው፤ ምስሉን የሚመራውን የማሽኑን የመዳብ ሽቦ ጥቅልም ትንፋሹን ውጦ በቱቦው አንገት ላይ አጠለቀ። እጁን ማን እንደያዘለት እሱ ያውቃል።

ማሽኑ ሲበራ ቀለሙ ፍክት አለ፤ አውሮፕላኖቹ ግን በጀርባቸው ይበራሉ። ቱቦው ተደፍቶ ስለነበር ላይና ታቹ ተምታቶበት ጥቅሉን ገልብጦ አስገብቶታል።

"ሽማግሌዎቹ በጭንቅላታቸው ቆመው ይጫወቱ እንዴ፣ አቶ ኢሶዳ?" አሉ ወይዘሮ ታዙኮ።

ከሐሙስ ወዲህ ገና አሁን ሳቀ። አጥፍቶ ጥቅሉን ግማሽ ዙር አዞረው፤ ሲያበራው ሰማዩ ወደ ላይ ወጣ።

እሑድ ዘጠኝ ሰዎች ተሰለፉ። የመጀመሪያውን ሳንቲም ያስገቡት ግን ወይዘሮ ታዙኮ ናቸው። አንዱ ዓሣ ነጋዴ ከስልኩ ቀና ብሎ ሱሞውን ማን እንዳሸነፈ ሊነግራቸው አፉን ሲከፍት፣ "ዝም በል፣ እየበረርኩ ነው" አሉት።

ኢሶዳ የማሽኑን ሞቃት ጀርባ በመዳፉ ዳሰሰና በልቡ አመሰገነ። እስከ ማታ ድረስ የእሳቸውን ነጥብ ያለፈ አልተገኘም።