ጋቢና የሚቀመጥ ይታሰራል

«ለደህንነትሽ ነው» እያለ ሊያስረኝ የሚመጣ ሰው ሲገጥመኝ መጀመሪያ የማየው እጁን ነው። አመሉ ከእናቴ የወረስኩት ነው፤ እሷም ከእናቷ ሳትወስደው አልቀረችም። እኛ መንዝ ውስጥ መጠራጠርን እንደ ነውር አንቆጥረውም። የሚሳቅበት ሰው ገበያ ወጥቶ መጀመሪያ የተጠራለትን ዋጋ አምኖ የሚገዛው ነው።

የመኪና ቀበቶ ግዴታ ሆነ በተባለበት ሰሞን መሐል ሜዳ ላይ ባና እሸጥ ነበር፤ የበግ ጠጉር ብርድ ልብሳችንን ማለቴ ነው። መደቤ ከመናኸሪያው አጥር ሥር ስለሆነ የመንገደኛው ወሬ ሁሉ በእኔ በኩል ያልፋል። ከዚያ በፊት ጋቢና የክብር ቦታ ነበር። ቄስ ከመጡ ለቄሱ፣ ሽማግሌ ከመጡ ለሽማግሌው ይለቀቃል። «ጋቢና የሚቀመጥ ይታሰራል» የተባለ ዕለት ክብሩ ተገለበጠና ሽማግሌዎቹ ወደ ኋላው ወንበር መጋፋት ጀመሩ።

አንድ የሰፈራችን አዛውንት ሹፌሩ ቀበቶውን ሲስብላቸው እጁን ገፍተው ወረዱ። «ሰው የሚታሰረው ሲሰርቅ ነው፤ አለዚያም አእምሮውን ስቶ ጠበል ሲወስዱት፤ አለዚያም ሞቶ ሲገንዙት። እኔን ከየትኛው ቆጥረኸኝ ነው?» አሉት። እኔም በሆዴ ደግ አደረጉ አልኩ።

የእኛ ጥርጣሬ ከበቅሎ የመጣ ነው። አባቴ ቁልቁለት ላይ ስንደርስ «እግርሽን ከእርካብ አውጪ» ይለኝ ነበር። በቅሎዋ ከተንሸራተተች ወደ ዳገቱ በኩል ዘለሽ ትተርፊያለሽ፤ እግርሽ ከተያዘ ግን አብረሽ ገደል ነሽ። እንግዲህ ይህን ይዞ ያደገ ሰው በገደል አፋፍ በሚሄድ መኪና ውስጥ እንዴት ብሎ ይታሰር? ከሚንከባለል ሚኒባስ ዘሎ የተረፈ ሰው አይተን አናውቅም። ቢሆንም ሁላችንም እንደምንዘል እርግጠኞች ነበርን። ስለዚህ ዘዴ አበጀን፤ ቀበቶውን ደረታችን ላይ እናሳልፍና ጫፉን መቆለፊያው ውስጥ ሳንሰካ በጡጫችን ጨብጠን እንይዛለን። ከውጭ ለሚያይ ታስረናል። መኪናው ወደ ገደሉ ካለ ግን ለቀን መዝለል ነው።

ሹፌሮቹንም ቢሆን አላመንኳቸውም። ደብረ ብርሃን መግቢያ ላይ ትራፊክ ፖሊስ ሊታይ ሲል ቀበቷቸውን ደረታቸው ላይ ጣል ያደርጋሉ፤ ከከተማው ሲወጡ መልሰው ይፈቱታል። ለሕይወታችን ከሆነ ገደሉ አጠገብ ለምን ይፈታል? ይህን ብዙ ሹፌር ጠይቄ ሁሉም ሳቁብኝ።

በዚያው ዓመት ታናሽ እኅቴ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ምጥ ያዛት። ምጡ ጠናባትና ጤና ጣቢያው ወደ ደብረ ብርሃን ውሰዷት አለን። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ሄዷል። አንድ ሚኒባስ ለምነን አስመጣን።

እናቴ እስከዚያ ድረስ ስትፈታ ነው የዋለችው። በእኛ ቤት ምጥ ሲመጣ የታሰረ ነገር አይተውም፤ የታሰረ ካለ ሕፃኑም ይያዛል ይባላል። የእኅቴን ሹሩባ ፈታች፣ መቀነቷን ፈታች፣ የሳጥኑን ክዳን ከፈተች፣ ደጅ የታሰረውን ጥጃ ሳይቀር ለቀቀችው። ወደ እኔም ዞራ «ያንቺንስ ምን ትጠብቂያለሽ?» ብላ መቀነቴን ከወገቤ ላይ መዘዘችው። መኪናው አጠገብ ስንደርስ እኔ ቀሚሴን በእጄ ይዤ ነው የምራመደው።

ሹፌሩ ወጣት ነው። እኅቴን ጋቢና ሊያስቀምጣት ፈለገ፤ እንደ ኋላው የፊቱ አያንገጫግጭም አለ። እናቴም ተስማማች። እሱ ግን ቀበቶውን ሳበ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለችው እናቴ።

«ላስራት ነዋ፣ እማማ። መንገዱን ያውቁት የለም?»

«ማርያም በምትጠራበት ሰዓት ልጄን ልታስራት? ፈትቼ ፈትቼ ያመጣኋትን አንተ ልትቋጥርብኝ?»

«እማማ፣ በድንገት ፍሬን ብይዝ ከመስታወቱ ጋር ነው የምትጋጨው።»

«እኔ እይዛታለሁ። ያንተ ጨርቅ ከእኔ ክንድ ይበልጣል?»

እኔም ዝም አላልኩም። «የራስህስ ቀበቶ የታል?» አልኩት። አፈረና የራሱን አስሮ ቆለፈ። በመጨረሻ እኅቴ ኋላ ወንበር ላይ የእናቴን ጭን ተንተርሳ ተኛች፤ ጋቢናው ለእኔ ደረሰ። ቀበቶውን ደረቴ ላይ አሳልፌ ጫፉን ጨበጥኩ። ሹፌሩ አየኝ፤ አየሁት።

የሞላሌን ከተማ አልፈን ጥቂት እንደሄድን ጉም ወረደ። ከጉሙ ውስጥ የበግ መንጋ መንገዱን ሞልቶ ብቅ አለ። ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። ቀበቶው ከጡጫዬ እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤ ግንባሬ መስታወቱ ላይ አረፈ። ዘልዬ አመልጣለሁ ያልኩት ሴትዮ ጣቴን እንኳ ለማንሳት ጊዜ አላገኘሁም። ሹፌሩ ግን ከወንበሩ አልተነቃነቀም።

ደሙ ዓይኔን ሸፍኖት ነበር። ከኋላዬ የእናቴ ድምፅ «ይዣታለሁ! ይዣታለሁ!» ሲል ሰማሁ። ደሜን በነጠላዬ ጠርጌ ዞር ስል ሁለቱም ወንበሩ ላይ ናቸው፤ እናቴ እኅቴን በሁለት ክንዷ አቅፋ ሆዷን ትዳብሳለች። ከዚያ «ይንቀሳቀሳል፤ ቀስ ብለህ ንዳ» አለች። ደብረ ብርሃን እስክንደርስ ሌላ ቃል አልወጣትም። እናቴ ደግሞ ዝም የምትል ሴት አይደለችም።

ሆስፒታል እንደደረስን ነርሷ የእኅቴ ዳሌ ላይ የበለዘ ነገር አይታ ምን እንደነካት ጠየቀች። «ወንበሩ ነው» አለች እናቴ። እኅቴ ምጧ ላይ ስለነበረች የመንገዱን ነገር አታስታውሰውም። ሴት ልጅ ተገላገለች። እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊሏት የመጡት ሁሉ ስለ ልጅቷ ከመጠየቃቸው በፊት ስለ እኔ የተሰፋ ግንባር ይጠይቃሉ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም የየራሱን ማስረጃ ያዘ። ሹፌሩ ቀበቶ አልታሰርም የሚል ሰው ሲገጥመው መደቤ ድረስ ያመጣና ጠባሳዬን ያሳየዋል፤ ባና እንኳ ሳይገዙ አይተውኝ ይሄዳሉ። እናቴ ደግሞ በክርስትናውም በማኅበሩም ያንኑ ትደግማለች። «ብትታሰር ኖሮ ይቺ ልጅ ትወጣ ነበር? እነሆ በክንዴ ይዤ አደረስኳት።» ልጅቷም ይህን እየሰማች አደገች። አያቷ ከቀበቶ እንደምትበልጥ ትምህርት ቤት ሳይቀር አውርታለች።

እኅቴ በኋላ አዲስ አበባ ገባች። ልጅቷ ከፍ ካለች በኋላ አንድ ጊዜ እናቴና እኔ ልንጠይቃቸው ሄደን ወደ መዝናኛ ፓርክ ወሰዱን። እዚያ በሐዲድ ላይ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል የሚወረወር ባቡር አለ። ሰው ገንዘብ ከፍሎ ገደል ሲገባ ያየሁት የዚያን ቀን ነው። ልጅቷ ካልወጣሁ ብላ አለቀሰች።

ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ እኔ አጥሩ ድረስ ገብቼ መመርመር ጀመርኩ። ከላይ የሚወርደው የብረት ዘንግ ጭኗ ላይ አልደረሰም፤ በመሀሉ ድመት ያስተኛል። ባቡሩን የሚያስነሳውን ሰውዬ «ይህ ምኑን ያዛት?» አልኩት። «እናት፣ አትጨነቂ፤ እዚህ ማንም ወድቆ አያውቅም» አለኝ። አትጨነቂ የሚለኝን ሰው ደግሞ ከማንም ይልቅ እጠረጥራለሁ። ወንበሩ ጎን ላይ የተጠቀለለ ቀበቶ አየሁ። «ይህስ?» ስለው «እሱን የሚፈልግ ነው የሚያስረው» አለ።

ልጅቷ በዚህ መሀል ተናደደች። «ቀበቶ አልፈልግም! አያቴ አብራኝ ትውጣና ትያዘኝ። እናቴንም የያዘቻት እሷ ናት!»

ሁላችንም ወደ እናቴ ዞርን። እኔ ደስ ብሏት ክንዷን የምታሳይ መስሎኝ ነበር። እናቴ ግን ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብስባ ልጅቷን አየቻት። ከዚያ ወደ ሰውዬው ቀረበች።

«እሰራት፣ ልጄ» አለችው። «አጥብቀህ እሰራት። እኔ ያን ቀን እናቷን አልያዝኩም። ለቅቄያታለሁ። ከመኪናው ወለል ላይ ነው ያነሳኋት።»

ያን ሁሉ ዓመት ሹፌሩን፣ ትራፊኩን፣ ቀበቶውን ስጠረጥር እሷን አንድ ቀን አልጠረጠርኳትም። ሰውዬው ነገሩ ባይገባውም ቀበቶውን ፈትቶ ልጅቷ ወገብ ላይ አሰረው። መቆለፊያው ጠቅ ሲል እናቴ ጎንበስ ብላ ራሷ ሳበችው፤ ደግማ ሳበችው። እኅቴ አጠገቤ እንደቆመች እጇን ያን ጊዜ በልዞ ወደነበረው ዳሌዋ ሰደደች፤ ከዚያ ሄዳ እናቴን በሁለት ክንዷ ያዘቻት።