ያልተወለወለው ዘንግ

ትናንት ከሰዓት በኋላ የፈረመችበት ወረቀት «ጉዳት የሚያስከትል ነገር አልታየም» ይላል። ዛሬ ጠዋት ግን የላቦራቶሪዋ ሴትዮ ኮምፒውተሩ ፊት ደርቃ ቀረች።

ሥራዋ የጉበትን ሥራ በኤሌክትሪክ ማስመሰል ነው። ጥቂት ጠብታ አዲስ መድኃኒት ትንሽ ዕቃ ውስጥ ታደርግና ቀጭን የካርቦን ዘንግ ነክራ ኤሌክትሪክ ትለቅበታለች። ጉበት በሰዓታት የሚለውጠውን ዘንጉ በደቂቃዎች ይለውጠዋል፤ መርዝ ከወጣው ስክሪኑ ላይ ጉብታ ይታያል። ታዲያ ከእያንዳንዱ ፍተሻ በፊት ዘንጉን በነጭ ዱቄት፣ እርጥብ ጨርቅ ላይ፣ ስምንት ቁጥር እየሠሩ መወልወል ግድ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ስትወለውል ባልደረቦቿ «ሊስትሮዋ» የሚል ስም አውጥተውላታል።

ትናንት ልጇን ከትምህርት ቤት ለመውሰድ ስትጣደፍ ሳትወለውል ቀረች። ዛሬ ዘንጉን በፓራሲታሞል ስትሞክረው፣ ሁልጊዜ ጉብ የሚለው መስመር ለጥ ብሎ ቀረ። የቀድሞው ናሙና ዝቃጭ ሸፍኖታል። ትናንት ምንም ያላየው ለካ ታውሮ ነው።

ሰዓቱ ሦስት ተኩል ሆኗል። ከግቢው ማዶ ባለው ክሊኒክ አሥራ ሁለት ጤነኛ ፈቃደኞች በአራት ሰዓት መድኃኒቱን መዋጥ ይጀምራሉ። ወልውላ ደግማ ለመፈተሽ ሃያ አምስት ደቂቃ ይበቃታል፤ ምንም ካልታየ ጥፋቷን ማንም አያውቅም። ዱቄቱን አነሳች። መልሳ አስቀመጠችና ለክሊኒኩ ሐኪም ስልክ ደወለች።

ሐኪሙ «መርዝ እንዳለው እርግጠኛ ነሽ?» አላት።

«አላውቅም ዶክተር። የትናንቱን የጻፍኩትም ሳላውቅ ነው። ያስቁሙልኝ።»

ሐኪሙ መድኃኒት መስጠቱ እንዲቆም አዘዘ። ከዚያ አንዱ ሰው ቀድሞ ስለመጣ አሁን እንደዋጠ ነገራት።

ዘንጉን ወለወለች። ስምንት ቁጥሩ ጠመመባት፤ እንደገና ጀመረች። መድኃኒቱን አስገብታ ጠበቀች። መስመሩ ተኝቶ ቆይቶ ቀስ እያለ ጉብ አለ። ይህን የሰማው ኃላፊዋ መድኃኒቱን ለዋጠው ሰው እሱ ሄዶ ሊነግረው ፈለገ፤ እምቢ አለችው።

ሰውየው ታክሲ ነጂ ነው። ለሁለት ቀን እንደማይለቁት፣ ደሙም በየስድስት ሰዓቱ እንደሚታይ ተነግሮታል፤ ምክንያቱ ግን አልተነገረውም።

«እህቴ፣ አንቺም ልትቀጂ ነው? ደሜን ጨረሳችሁት እኮ» አላት።

«አይደለም ወንድሜ። መድኃኒቱን ትናንት የፈተሽኩት እኔ ነኝ። ቸኩዬ ዋናውን ነገር ዘለልኩት። ጉበት ሊጎዳ ይችላል። አንድ ፍሬ ብቻ ስለሆነ ሐኪሙ ተስፋ አለው፤ እኔ ግን ምንም ቃል ልገባልህ አልችልም።»

ፈገግታው ጠፋ።

«ውጤቱ ሲመጣ አንቺው ነሽ የምትነግሪኝ» አላት።

ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።