ጋሽ ያረጋል ሰባት ቤት ሲቆጥሩ

ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር ውስጥ፣ የልብስ ስፌት መኪና የሚጠግኑ ጋሽ ያረጋል የሚባሉ ሰው ነበሩ። ዱካናቸው፣ ማለትም ሱቃቸው፣ ጠባብ ነበር፤ ያም ሆኖ ጀርባቸውን ለግድግዳ፣ ፊታቸውን ለመንገዱ ሰጥተው የሚቀመጡባት ቦታ አላጡም። "ሰው ሲፈልግዎት ነበር" ያላቸው እንደሆነ፣ ማን፣ ምን ለብሶ፣ በየት በኩል መጥቶ የሚለውን ሳይጨርሱ ሰውየውን አይለቁትም።

ያረጋል ስማቸው አልነበረም። በወጣትነታቸው በፖለቲካ ተፈልገው ድንበር ሲሻገሩ፣ መዝጋቢው ስም ቢጠይቃቸው አፋቸው ላይ የመጣላቸውን ሰጡ። ያ ስም የስደተኛ ካርድ ላይ ወጣ፤ ኋላም ልጃቸው ልደት ስትወለድ የአባት ስም ሆነ። እናቲቱ ምስጢሩን ይዛ ዐረፈች። አገር ቤት መንግሥት ተለወጠ ሲሏቸው፣ "የተፈላጊዎቹን መዝገብስ ማን ቀደደው?" ይሉ ነበር።

በሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት ስለሺ የሚባል የአርካዊት ሰፈር ልጅ ልደትን ሊያገባ ፈለገ። ሽማግሌ ሲላክ ሁለቱም ወገን እስከ ሰባት ቤት ዘር ሊቆጥር ነው፤ ይህ በኛ ዘንድ ቀልድ የለውም። የስለሺ አባት የዳሞት ሰው ናቸው። ጋሽ ያረጋልም፣ ማንም አያውቅም እንጂ፣ ዳሞት ነው የተወለዱት። የውሸት አያት ቆጥረው ልጃቸውን ለሥጋ ዘመዷ ቢድሯትስ? እውነተኛውን ቢቆጥሩ ደግሞ ስማቸው ከተማውን ሊዞር፣ ካርዳቸውም የልጃቸውም ወረቀት ሊነጠቅ ይችላል። በዚህ ጭንቅ እንቅልፍ አጡ።

ልደት ምክንያቱን አላወቀችም። አባቷ መክሳታቸውን አይታ፣ "ያባ፣ ወላሂ ከሰው ጋር ማውራት አለብህ" ብላ ጀሪፍ ሰፈር አዲስ ወደተከፈተው የስደተኞች የምክክር ክበባችን ገፍታ አመጣቻቸው።

ክበቡን የከፈተችው የሻሽወርቅ የምትባል፣ ምክር መስጠትን በትምህርት ያገኘች ሴት ነበረች። ሰባት ነበርን። ወንበሩን ክብ አድርጋ ከኛው መካከል ትቀመጣለች። "እዚህ ማንም ለማንም መፍትሔ አይሰጥም፤ ሁላችን እንጠይቃለን፣ ባለጉዳዩ ራሱ ያገኘዋል" አለች። እኛ ግን ጥያቄ የሚጠይቅና ደብተር የሚይዝ ሰው ስናይ የምናውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሦስተኛ አገር የሚልክ ቢሮ። ስለዚህ በየተራ ኬዛችንን፣ ማለትም የስደት ጉዳያችንን፣ አቀረብን። የታሠርንበትን ቀን፣ የተሻገርንበትን ወንዝ፣ ለስንት ዓመት ስንሸመድደው የኖርነውን ሁሉ። የሻሽወርቅ አልፎ አልፎ እየጻፈች ሰማችን።

ከኛው መካከል ሻይ ሻጯ ሶፍያ አላስቻላትም። "እህቴ፣ አትደብቂን፤ ካናዳ ነው አውስትራሊያ?"

"የትም አልልክም።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ለምን አስለፈለፍሽን? እኔ እኮ ሁለት ጊዜ አለቀስሁ!"

ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። ጋሽ ያረጋል ብቻ አልሣቁም።

"የማትልኪን ከሆነ" አሉ ቀስ ብለው፣ "የጻፍሽው ለማን ነው የሚሄደው?"

ሁላችንም ወደ ደብተሩ ዞርን። ጥያቄው የሁላችን ነበር፤ ኤምባሲው፣ ሱዳኖቹ፣ ማን ያውቃል? የሻሽወርቅ ደብተሩን ከነእስክሪብቶው ዘረጋችላቸው። "እንኩ። የጻፍሁትን ያንብቡ። ከዛሬ ጀምሮ የሚጽፉት እርስዎ፣ የሚያስቀምጡትም እርስዎ ነዎት።"

ገልጠው አነበቡ። ስለ ኬዛቸው አንዲት መስመር አልነበረችም። "ልጃቸውን ሲያነሡ ድምፃቸው ይለሰልሳል" ይላል፤ ሌላ የለም። ደብተሩን ብብታቸው ውስጥ ወሸቁት። ሐፍላ የሚሉትን አውቶቡስ ልንሳፈር ስንሄድ ግን ወደኔ ጠጋ ብለው፣ "ደብተር የሰጠችኝ በጭንቅላቷ ልትይዘው ነው፤ ሠልጥናለች" አሉኝ።

ቢሆንም አልቀሩም። ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ዐሥር ቀን ሲቀር፣ "የአንድ ወዳጄ ጉዳይ ነው" ብለው ጀመሩ። ወዳጃቸው በሰው ስም የሚኖር፣ ልጁን የሚድር ሰው ነው። ወዳጁ ማን እንደሆነ የገባን ሁላችን መሬት መሬት አየን።

የሻሽወርቅ፣ "እስቲ ሽማግሌ ሆኖ የሚጠይቅ ማነው?" አለች። ሶፍያ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"እንግዲህ ጌታው፣ ዘርዎን ይቁጠሩልን!"

ጋሽ ያረጋል ለወዳጃቸው የፈጠሩለትን አያቶች መቁጠር ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው ላይ ቆሙ።

"አለቁብዎት እንዴ? እኔ እኮ ገና ጠላ አልቀረበልኝም" አለች ሶፍያ።

ጋሽ ያረጋል ላባቸውን ጠረጉ። የሻሽወርቅ፣ "ወዳጅዎ እዚያ ቤት ውስጥ ከሁሉ የሚፈራው ማንን ነው?" አለቻቸው።

እኛ ኤምባሲውን ይላሉ ብለን ነበር።

"ልጅቱን" አሉ።

በማግስቱ ዐርብ ነበር፤ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው። ልደትን ዱካኑ ድረስ ጠርተው፣ በሩን ከውስጥ ቆልፈው ነገሯት። ያለቻቸውን ኋላ እሳቸው ራሳቸው ነገሩን።

"ሌላ ማን ያውቃል?" ነበር የመጀመሪያ ቃሏ።

"ማንም። እዚያ ክበቡ... የወዳጄ ነው ብዬ..."

"ስንት ሰው?"

"ሰባት ብንሆን ነው።"

"ያባ! ለማያውቁህ ሰዎች ከኔ በፊት? ሃያ አራት ዓመት ልደት ያረጋል እየተባልሁ! ኻላስ፣ በቃ፣ አታናግረኝ።"

ቁልፉን ከእጃቸው ወስዳ ከፍታ ወጣች። ዘጠኝ ቀን አላናገረቻቸውም። ምግባቸውን ታቀርባለች፤ ቃል የለም። እሳቸውም ለስለሺ ትነግር ይሆን፣ ስለሺስ ለማን ይነግር ይሆን እያሉ በስልክ ባወራች ቁጥር ጆሯቸውን አቆሙ።

ሽማግሌዎቹ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሆነው መጡ። ጋሽ ያረጋል እኔን ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ልደት ቀዝቃዛ የከርከዴ መጠጥ አቅርባ ከመጋረጃው ጀርባ ገባች። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ አቶ ወልደሥላሴ የስለሺን ወገን እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩና፣ "ተራው የርስዎ ነው" አሉ።

ጋሽ ያረጋል ተነሡ። የሚወጡ መሰለኝ። መስኮቱን ዘጉ፤ የበሩን መቀርቀሪያ ነካ ነካ አድርገው አዩ፤ ተመለሱ።

"አስቀድማችሁ ማሉልኝ።"

"የምን መሐላ?"

"እዚህ የምትሰሙት እዚህ ይቀራል በሉ።"

አቶ ወልደሥላሴ ተቆጡ፤ ሽማግሌ አይጠረጠርም አሉ። ጋሽ ያረጋልም፣ "እኔ ሁሉንም ነው የምጠረጥረው፤ ለይቼ አልሰደብኋችሁም" አሏቸው። ሌሎቹ ሁለቱ ሣቃቸውን መያዝ ተሳናቸው። በመጨረሻ ሦስቱም ማሉ።

"የልጅቱ አባት በየነ ነው" አሉ። "በየነ እኔ ነኝ። ዳሞት ነው የተወለድሁት። በየነ፣ ወርቅነህ፣ እንግዳ፣ ተድላ፣ ብሩ፣ ሺበሺ፣ ዳምጤ።" ድምፃቸው ከአቶ ወልደሥላሴ ጆሮ አያልፍም ነበር።

አቶ ወልደሥላሴ በጣታቸው እየቆጠሩ ሁለቱን ወገን ደጋግመው አስተያዩ። ዳሞት የሚለው አስደንግጧቸዋል፤ አንዱን ስም ሁለት ጊዜ ደገሙት። ጋሽ በየነ ዐይናቸውን ከዚያ ጣት ላይ አላነሡም።

"የሚነካካ የለም" አሉ በመጨረሻ።

እልልታው ሳይጀመር ከመጋረጃው ጀርባ የልደት ድምፅ መጣ። በዘጠኝ ቀን ለአባቷ የመጀመሪያው ነበር።

"ያባ፣ አራተኛውን አልያዝሁትም። ጮክ በልና ድገመው።"

ጋሽ በየነ የተዘጋውን መስኮት አዩ፤ ሦስቱን ሽማግሌዎች አዩ፤ እኔንም አዩኝ። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ አሁን ጎረቤት እስኪሰማ።