ያልደረቀው ብርቱካናማ ግድግዳ

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የመንግሥት ሠራተኛ ስለነበር፣ ግድግዳ ማለት ለእሱ እንደ ቢሮው ክሬም ነው። ቂርቆስ ያለችው ሁለት ክፍል የጭቃ ቤታችንም እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ክሬም ነበረች፤ በየፋሲካው በላይ በላዩ እየተቀባ ግድግዳው ሳይወፍር አልቀረም። እኔ ደግሞ ስልኬ ላይ የሰው ቤት ሳይ ነው የምውለው። አንድ ቀን ብርቱካናማ ሳሎን አየሁና በቃ፣ ልቤ እዚያው ቀረ።

ሰበብ ያገኘሁት በታኅሣሥ ሽማግሌዎች ሊመጡ ሲሉ ነው። የምወደው ልጅ እሑድ ረፋድ ላይ ሦስት ሽማግሌ ሊልክ ነው፤ ቤታችን ይህን መስሎ እንግዳ አይቀበልም አልኩ።

እውነቱን ለመናገር ጭንቀቴ ቀለሙ አልነበረም። አባቴ ሽማግሌ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳይመላለስ ልጅ አይሰጥም ባይ ነው። የእሱን ሽማግሌዎች አያቴ ሦስቴ መልሷቸዋል፤ ይህንንም እንደ ሜዳሊያ ነው የሚያወራው። የእኔ ሰው ግን ከየካቲት ጀምሮ ጅግጅጋ ተመድቧል። ጥር ካለፈን ሁዳዴ ይገባል፣ ሁዳዴ ከገባ እስከ ፋሲካ ሠርግ የለም። ይህን ሁሉ ለአባቴ ብነግረው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እናቴ እንደምትለው ነገሩ ወግ ብቻ አይደለም፤ አንድ ልጁን ለመስጠት አልጨክን ብሎ ነው።

ቀለሙን ቄራ አካባቢ ካለ ሱቅ ገዛሁት። ሻጩ የዘይት ቀለም ያበራል፣ በጨርቅም ይወለወላል አለኝ፤ መቼ ይደርቃል ብሎ መጠየቅ ማን አስታወሰ። አባቴ ጣሳውን ከፍቶ አየ። ይህን ቀለም ስታዲየም በር ላይ በሚሸጥ ማልያ እንጂ በሰው ቤት አይቼው አላውቅም አለ። ቢሆንም ቅዳሜ ጠዋት አሮጌ ሸሚዙን ለብሶ፣ በጋዜጣ ቆብ ሠርቶ ብቅ አለ። አቀባብሽ ያሳፍራል ብሎ ብሩሹን ቀማኝ። ቀኑን ሙሉ እየተነጫነጨ ቀባ፤ ጥግ ጥጉን ግን እንደ እሱ አጥርቶ የሚቀባ የለም።

እሑድ ጠዋት ግድግዳውን ነካ ባደርገው ጣቴ ብርቱካናማ ሆኖ ተመለሰ። ወንበሮቹን ከግድግዳው አራቅን፤ ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች ከስንዝር በላይ አላገኘንም። ለሽማግሌዎቹ ቀለሙ አልደረቀም ብሎ መንገር ይቻል ነበር። አባቴ ግን ወይ ፍንክች። ትናንት ቀባን ማለት ልጃችንን ለመስጠት ቸኩለናል ማለት ነው፣ ሰው ምን ይለናል አለ። ይሉኝታ እንዲህ ነው የሚጫወትብን።

እኔ እንደ ወጉ ጓዳ ገብቼ በመጋረጃው ጥግ አጮልቃለሁ። ሽማግሌዎቹ ነጫጭ ጋቢ ለብሰው ገቡ። ሳትሰሙን አንቀመጥም አሉ፤ ተለመኑ፣ ተቀመጡ። ከዚያ ለእናቴ መንገድ ለመልቀቅ ብለው ወንበሮቻቸውን ወደ ኋላ ሳብ አደረጉና ሦስቱም ግድግዳውን ደገፍ አሉት። እናቴ ጓዳ ገብታ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ። ሳቃችንን በግድ አፈንነው።

እንደገና ተነሥተው፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለው ጠየቁ። አባቴ ጉሮሮውን ጠራረገና ከዘመድ ልምከር፣ ከወር በኋላ ብቅ በሉ አላቸው። ሳቄ ጠፋ፤ ሆድ ባሰኝ። እነሱ የጠበቁት ነውና እጅ ነሥተው ወደ በሩ ዞሩ። ሦስት ነጭ ጋቢ፣ ሦስት ብርቱካናማ ጀርባ! ቅዳሴ ወጥቶ ሰፈሩ በሙሉ መንገድ ላይ ነው።

«ቆዩ» አለ አባቴ። «እንዲህ ሆናችሁማ ከቤቴ አትወጡም።»

እናቴ ጋቢዎቹን ግቢ አውጥታ በነጭ ጋዝ ታሻቸው ጀመር። ሽማግሌዎቹ በሹራብ ብቻ፣ አሁን ክፍሉ መሃል ላይ ተቀመጡ። የምሳ ሰዓት ደረሰ፣ ሽሮው ይሸታል። አባቴ እንግዳ ጦሙን ሲቀመጥ ማየት አይችልም፤ ምሳ ይቅረብ አለ። ትልቁ ሽማግሌ ረጋ ብለው፣

«መልስ ሳንሰማ የዚህን ቤት ውሃም አንቀምስ» አሉ።

በወግ ሲያስጨንቀኝ የከረመው ሰውዬ በወግ ተያዘ። አንዴ ግድግዳውን፣ አንዴ እኔ ያለሁበትን መጋረጃ አየ።

«ሰጥቻለሁ» አለ። «አሁን እንብላ።» ደስ ቢለኝም አንጀቴን በላው።

በጥር ተዳርኩ። ከጅግጅጋ በመጣሁ ቁጥር የሚያሳፍረኝ ያ ግድግዳ ነው። ጋቢዎቹ ቀለሙን ይዘው የተነሡበት ሦስት ቦታ ላይ የድሮው ክሬም ብቅ ብሏል። ባለፈው ትንሽ ጣሳ ቀለም ገዝቼ መጣሁና ላስተካክለው ብሩሽ አነሣሁ። አባቴ ከወንበሩ ሳይነሣ ተይው አለኝ። ለምን ብዬ ዞር ስል፣ ለካ እሱ ሁልጊዜ ፊቱን ወደዚያ አድርጎ ነው የሚቀመጠው።

«ያን ጊዜ ቶሎ የሚደርቀውን የውሃ ቀለም ገዝተሽ ቢሆን» አለ፣ «ትንሽ ትቆዪልኝ ነበር።»

የጣሳውን ክዳን መልሼ ገጠምኩና አጠገቡ ተቀመጥኩ።