መጥረቢያ ያልተያዘበት ጫካ

አጎቴ ሰይድ ሆን ብሎ ከትምህርት አስቀርቶኛል። ስቶክሆልም ዳር፣ አካላ ከሚባለው ሰፈር ጫካ ልጄ ሃያት ምንጣፍ አንጥፋ ስታስቀምጠኝ፣ የጥድ ሙጫ ሸተተኝና ያ ቀን መጣብኝ።

ልጅ ሳለሁ ደሴ ውስጥ በአጎቴ ሻይ ቤት ብርጭቆ አጥብ ነበር። አንድ ጠዋት፣ "ዛሬ ሥራ የለም፣ ጫካ ሄደን እንንሸራሸር" አለኝ። መጥረቢያም ገመድም አልያዘም። ብስኩት አበላኝ። ሙጫው ጣቴ ላይ ይጣበቃል፣ ደስ ብሎኛል። ታች መንደር ውሾች ሲጮሁ፣ "ገና ቤት ለቤት እየዞሩ ነው፣ ትንሽ እንቆይ" አለ። እነማን እንደሆኑ አልጠየቅሁም። ስንመለስ የጎረቤት ልጆች የቀበሌ ሰዎች ለትምህርት እንደመዘገቧቸው ነገሩኝ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት እዚህ ስቶክሆልም፣ ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው።

"ያለ ጉዳይ ጫካ የሚያመጣኝን ሰው አላምንም" አልኳት ሃያትን።

"ምን ልሰርቅህ ነው አባዬ?" አለችኝ በስዊድንኛ፣ እየሳቀችብኝ።

እዚያው ተቀምጬ ለአጎቴ ደወልኩ። "ያን ቀን ለምን ደበቅከኝ?" አልኩት።

"ብርጭቆውን ማን ይጠብልኝ?" አለ። ቀጥሎም፣ "አፉ በለኝ ልጄ" አለኝ።

ይቅርታ መጠየቁ የጠፋውን ዕድሜ አይመልስልኝም። ቢሆንም አፉ አልኩት፤ ቀኑ ይቅር የምንባባልበት ያለፈው የአረፋ በዓል ማግስት ነበር።